እንየው በበር በኩል ያነሣት ፎቶ

ይታወቅ፣ ለሁሉም ይነገር፤ ያመለጠው ከጎረቤቱ ይጠይቅ። በእንጅባራ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ በጫማ ጠጋኙና በፎቶ ኮፒ ቤቱ መካከል፣ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር በሆነች ግዛት ላይ አንድ ገዢ ተቀምጧል። ስሙ እንየው ነው። ሠራዊቱ አንድ ካሜራ፣ አንድ በርጩማና በግድግዳው ላይ የተወጠረ ነጭ አቡጀዴ ሲሆን፣ የመንግሥቱ ካባ ደግሞ ለባለጉዳይ ሁሉ የሚያውሰው፣ ክራቫቱ ቀድሞ ታስሮ ያደረ ጥቁር ኮት ነው። ተማሪም ይሁን ገበሬ፣ ዳኛም ይሁን ተከሳሽ፣ በፊቱ ሲቀመጥ «አገጭህን ቀና፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ አትሳቅ» ብሎ ያዘዋል፤ ያለ አንዳች ማንገራገር ይታዘዙታል። ከዚያ ሰውየውን ደረቱ ላይ ቆርጦ አራት አድርጎ ያባዛዋል።

ይህን ዘጠኝ ዓመት ሠራ። ካነሣው ፊት ብዛት የተነሣ ከተማውን በሙሉ ከደረት በላይ ያውቀዋል። «ይህችን እኔ አነሣኋት» የሚላት ፎቶ ግን አንዲትም አልነበረችውም። በኋላ አንዲት አገኘ። የሚቀጥለው ታሪክ እንዴት እንዳገኛትና በገዛ እጁ ምን እንዳደረጋት ነው።

ጥፋቱ የተጀመረው ዳንግላ ላይ ነው። የሦስት ቀን የፎቶግራፍ ሥልጠና ነበር፤ ቆሎ፣ የታሸገ ውሃና በመጨረሻው ቀን የምስክር ወረቀት ያለበት። አሠልጣኙ በሁለተኛው ቀን ቆመና፣ «ተፈጥሮና ሕንጻ የሰጧችሁን ፍሬም ተጠቀሙ» አለ። «በር፣ መስኮት፣ የዛፍ ቅርንጫፍ፣ የዋሻ አፍ፣ የድልድይ ቅስት። ሰውየውን በዚያ ውስጥ አስቀምጡት። ያን ጊዜ ዓይን ሌላ መሄጃ ያጣል።» ሌሎቹ ሠልጣኞች እንደ ወጉ በማስታወሻቸው ጻፉት፤ እንደ ወጉም ምሳ ሲደርስ ረሱት። እንየው አመነ። ሥልጠና የሚያምን ሰው ምን እንደሚገጥመው ቀድሞ የሚነግረው አንድ ወዳጅ እንኳ አልነበረውም።

ወደ ቤቱ ሲመለስ ያለ ቀዳዳ ማየት የማይችል ሰው ሆኖ ነበር። ሚስቱ ውቢት፣ ድንች በጅምላ የምትነግድና ቃሏን እንደ ድንቿ በኪሎ መዝና የምታወጣ ሴት፣ ልትቀበለው በር ላይ ወጣች። እሱም እዚያው በሩ ላይ አስቆማት።

«ምን ሆንኩ?» አለችው።

«አትነቃነቂ። በሩ ከቦሻል።»

«አሥር ዓመት ሙሉ ይኸው በር ከቦኛል። ዛሬ ነው የታየህ?»

ቀጥሎ የሰርግ ሥራ መጣ። ሙሽሮቹን ወደ ዘንገና ሐይቅ ይዞ ወረደና፣ ሁለት ቅርንጫፎች በሚጋጠሙበት ሥር አቁሞ፣ ውሃው ከኋላ፣ ቅጠሉ ከላይና ከጎን ሆኖ አነሣቸው። አልበሙን ሊረከብ የመጣው የሙሽራው ታላቅ ወንድም አንዱን ገጽ ለረጅም ጊዜ አየውና ጣቱን አስቀመጠበት።

«ይኼ ማን ነው?»

«ቅጠል ነው።»

«ከየትኛው ወገን ነው የመጣው?»

«ፍሬም ነው፣ ጋሼ። ዓይን እንዳይባዝን ነው።»

«እኛ የዳርነው ወንድማችንን ነው። ዛፍ ማየት ቢያምረን በየጓሯችን አለን።»

እንየው ቅጠሉን ቆረጠ። ቅጠሉ ሲቆረጥ ሐይቁም አብሮ ሄደ፤ ሐይቁ ሲሄድ ሙሽሮቹ መታወቂያ ሊያወጡ የተሰለፉ ባልና ሚስት መሰሉ። ወንድምየው ያን ጊዜ ደስ አለው።

አሁን ወደ ገመዱ እንምጣ። ከከተማው ወጣ ባለች፣ ስሟን በማልጠራት አንዲት ቀበሌ፣ በየዓመቱ ጥር ላይ ፈረሰኞች ጉግስ የሚጫወቱበት ቀን አለ። ሜዳው በገመድ ይታጠራል። ከገመዱ ውስጥ የሚገባው በአንገቱ ላይ ባጅ ያንጠለጠለ ብቻ ነው። እንየው ስድስት ዓመት ከገመዱ ውጭ ቆሞ አነሣ፤ በስድስቱ ዓመት የሰበሰበው የሰው ማጅራት፣ የጃንጥላ ጫፍና በሁለት ባርኔጣዎች መካከል የታየ የፈረስ ጭራ ነው። በሰባተኛው ዓመት የቀበሌው የፈረስ ማኅበር ጸሐፊ ደርበው፣ ማኅተሙን እንደ ጥርስ መፋቂያ በየሄደበት የሚይዝ ሰው፣ ወደ ሱቁ ብቅ አለ።

«የአያ ገብረ ማርያምን ፎቶ በትልቁ ትሠራለህ። በሜዳው መግቢያ ይሰቀላል» አለው። «ካማረ ባጁ ያንተ ነው።»

አያ ገብረ ማርያም ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ከማኅበሩ ፈረሰኞች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጣቸው የለም። ለሰው በአማርኛ፣ ለፈረሳቸው በአዊኛ ይናገራሉ። ምክንያቱን ሲጠየቁ «ፈረሱ ይገባዋል» ይላሉ። እንየው ሲደርስ ዳማ ፈረሳቸውን በቀይ ግላስ አስጊጠው፣ ነጭ ጋቢ ደርበው፣ ኮርቻ ላይ ወጥተው ደጃፋቸው ላይ ጠበቁት። እሱ ግን ሰላምታ ሰጥቶ በአጠገባቸው አለፈና ጭስ ያጠቆረው የሣር ቤታቸው ውስጥ ገብቶ ከጀርባ ግድግዳው ሥር ቁጢጥ አለ።

«ቤቴ ገብተህ ደጅ ያለሁትን እኔን ልታነሣ?» አሉ አያ። «ፎቶ አንሺ ነህ ወይስ ሌባ?»

«በሩ ይክበብዎት ብዬ ነው፣ አያ።»

«እኔን ይክበበኝ። ፈረሱን እንዳትከበው፣ ይደነብራል።»

ፎቶዋ እንዲህ ናት። ዙሪያዋ በሙሉ የቤቱ ጨለማ ነው፤ ግራና ቀኝ ሁለቱ የበር መቃኖች ብቻ በስሱ ይታያሉ። በመካከላቸው ብርሃን አለ፤ በብርሃኑ ውስጥ ፈረሱ፣ ቀዩ ግላስ፣ ነጩ ጋቢና ፊታቸውን ወደ ውስጥ መለስ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ። ዞር ያሉት ፎቶ አንሺው ከቤታቸው ዕቃ እንዳያነሣ ለማየት ነው። ፎቶው ላይ ግን ሲያዩት፣ የኖረበትን ቤት ለመጨረሻ ጊዜ የሚያይ ሰው ይመስላሉ። እንየው ሱቁን ዘግቶ ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠና እስኪርበው ድረስ አያት። ውቢትም መጥታ አየች፤ በርጩማውን ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። እሷ ድንቿን ትታ ከተቀመጠች ነገሩ ትልቅ ነው።

ማተሚያ ቤቱ ከእንየው ቁመት በላይ በሆነ ባነር አተማት። ወደ ሜዳው እንዲያደርሳት የተሰጠችው አበረ ለሚባል የባጃጅ ሹፌር ነው። አበረም ተጠቅልላ አልገባ ስትለው ዘረጋትና፣ ፊቷን ወደ ውጭ አድርጎ ከባጃጁ ጀርባ አሰራት፤ ቀኑም የገበያ ቀን ነበረ።

በዚያ አገር ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ኮርቻ እንደተጫነ ባዶውን ወደ ለቅሶው ሜዳ ይሳባል። ከፊቱም የሟች ፎቶ፣ ዙሪያውን ጥቁር ተደርጎለት፣ ይያዛል። ይህን ከልጅ እስከ አዋቂ የማያውቅ የለም። እንየውም ያውቃል፤ ስንቱን የሟች ፎቶ በገዛ እጁ ጥቁር ዙሪያ አበጅቶለታል። ነገር ግን ዳንግላ ላይ የተማረ ሰው ነውና በሩ በር ብቻ ሆኖ ታየው። ገበያተኛው ምስኪን አልሠለጠነም፤ የሚያየውን አየ።

«ማን ነው?» አለ አንዱ።

«አያ ገብረ ማርያም።»

«መቼ?»

«ፎቶው ከወጣ ትናንት መሆን አለበት።»

ባጃጁ ገበያውን ሳይጨርስ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ወሬው በስልክ አዘና ከተማ ደረሰ። የአያ ገብረ ማርያም እህት እማማ የሻረግ፣ በእናታቸው መሬት ድንበር ተጣልተው አሥራ አንድ ዓመት ወንድማቸውን ያኮረፉት፣ ሚኒባስ ላይ ወጥተው «ወንድሜን» እያሉ መጡ።

አያ በዚያ ሰዓት ለአጥር የሚሆን ቀርከሃ ይሰነጥቁ ነበር። ሰው በመንገዱ እያለቀሰ ሲመጣ አዩ። ጎረቤት የሞተበት ሰው ደንቡን ያውቃልና ቀርከሃውን ጥለው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ይዘው ከለቀስተኛው ጋር ተቀላቀሉ። በአጠገባቸው ፊታቸውን በነጠላ የሸፈኑ አሮጊት ነበሩ።

«የማንን ነው?» ብለው ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቋቸው።

«የገብረ ማርያምን።»

«የትኛው ገብረ ማርያም?»

«የፈረሰኛው።»

«ለእኔ ማንም አልነገረኝም» አሉ አያ።

አሮጊቷ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጡ። የሻረግ ነበሩ። ወንድማቸውን ከእግር እስከ ራስ አዩዋቸው።

«እንግዲያው ለምን አስለቀስከኝ?» አሉ። ከዚያ ዱላውን ከእጃቸው ቀምተው ትከሻቸው ላይ ተደፉና እንደገና፣ አሁን በእውነት፣ አለቀሱ።

ይህን ሁሉ እንየው በኋላ ነው የሰማው። በዚያ ቀን የሰማው ደርበውንና ሁለት የማኅበሩን ሰዎች ነው። ሦስቱ ሱቋ ውስጥ ሲገቡ አየር እንኳ ተራ መጠበቅ ነበረበት።

«በቁም ያለ ሰው ገነዝክብን» አለ ደርበው። «በዓላችን ሲቃረብ አሟረትክብን።»

«በር ነው፣ ጋሼ ደርበው። በር ነው እኮ።»

«በሩን ማን አዘዘህ? ያዘዝንህ ሰው ነው።»

ፍርዱ እንዲህ ሆነ። ፎቶዋ ከካሜራውም ከኮምፒውተሩም በፊታቸው ትጠፋለች፤ አያ በንጹሕ ነጭ ላይ እንደገና ይነሣሉ። ያን ጊዜ ባጁ ይሰጠዋል። ካልሆነ ግን ባጁ ቀርቶ የቀበሌው ሰው ጉርድ ፎቶ እንኳ ከእሱ ዘንድ አይነሣም። እንየው ወደ በሩ አየ፤ በሩ ላይ ሁለቱ ሰዎች ቆመዋል። ወደ ኋላው አየ፤ አቡጀዴው ነው። በዚያች ሱቅ ውስጥ ሌላ የሚታይ አቅጣጫ የለም።

አጠፋት።

«ከኮምፒውተሩ ቆሻሻ መጣያም» አለ ደርበው። ልጁ አስተምሮታል።

ከዚያም አጠፋት። ደርበው ማተሚያ ቤት ድረስ ሄዶ የእነሱንም አስጠፋ። የዚህ ሰው ትጋት ለመንገድ ሥራ ቢውል እንጅባራ ላይ ጭቃ ባልኖረ።

በማግስቱ አያ ገብረ ማርያም ፈረሳቸው ላይ ወጡ። ከኋላቸው ሁለት ሰዎች አንድ ትልቅ ነጭ ጨርቅ በቀርከሃ እንጨት ላይ ወጥረው ያዙ። «አገጭዎን ቀና፣ አያ» አለ እንየው። ፈረሱም ቀና አለ። ፎቶው ታተመ፣ በሜዳው መግቢያ ተሰቀለ፤ ፈረስና ሰው አንድ ላይ ፓስፖርት ሊያወጡ የመጡ ይመስላል። ማኅበሩ በሙሉ አማረ አለ።

እንየው ባጁን አንጠልጥሎ ገመዱን አለፈ። ውስጥ ገብቶ አሥር እርምጃ ሳይሄድ አስተባባሪው ክንዱን ያዘው።

«ፊትህን ወደ ድንኳኑ። የክብር እንግዶቹን ነው የምታነሣው።»

ቀኑን ሙሉ እንግዶች አነሣ፤ ሲቀመጡ፣ ሲያጨበጭቡ፣ ውሃ ሲጠጡ። ፈረሶቹ በጀርባው በኩል ያልፉ ነበር። የኮቴአቸውን ድምፅ በእግሩ ሥር ሰማው፤ አፈሩም ማጅራቱ ላይ እየተረጨ አረፈ። ከገመዱ ውጭ የቆሙት ሁሉ ከእሱ የተሻለ ያያሉ።

ከሳምንት በኋላ አያ ገብረ ማርያም ሱቁ ድረስ መጥተው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ኮቱን ሊያለብሳቸው ሲነሣ በእጃቸው ከለከሉት።

«ጉርድ አይደለም። ያችን ጥቁሯን ስጠኝ።»

«የትኛዋን፣ አያ?»

«የገደልከኝን። ለቀኔ ትሆነኛለች። ሰው ሁሉ ሲያለቅስልኝ ያየሁባት፣ የሻረግን ያመጣችልኝ እሷ ናት። ስሞት ያንን ነጩን እንዳይዙብኝ፤ ክትባት የሚጠብቅ ሰው መስያለሁ።»

እንየው አፉን ከፈተ። ጠፍታለች ሊል ነበር። «እሺ፣ አትሜ አስቀምጥልዎታለሁ» አለ።

ከዚያ ወዲህ አያ በየገበያው ቀን ብቅ ይላሉ። አንድ ጊዜ መብራት የለም ተባሉ፤ አንድ ጊዜ ቀለም አልቋል፤ አንድ ጊዜ ኔትወርክ። ፎቶ ለማተም ኔትወርክ ምን እንደሚሠራ አልጠየቁም። እያሳሉ «ብቻ እንዳትዘገይ» ብለው ይሄዳሉ። አሁን አሁን እንየው ዱላቸውን ከሩቅ ሲሰማ ከአቡጀዴው ጀርባ ይገባል። በጨርቁና በግድግዳው መካከል አንድ ክንድ የምትሆን ክፍተት አለች፤ ትንፋሹን ይዞ እዚያ ይቆማል።

«ሽማግሌውን እውነቱን ንገራቸው» ትለዋለች ውቢት።

«ምን ብዬ?»

«እጄ ነው ያጠፋት ብለህ።»

«እጅህ ለምን አጠፋት ሲሉኝስ?»

ውቢት ወደ ድንቿ ትመለሳለች፤ እሱም ወደ ካሜራው።

የቀረችው ያቺ የመጀመሪያዋ ባነር ብቻ ናት። አበረ በመጨረሻ ተናዘዘ፤ ፈላጊ ስታጣ ለዝናብ መከላከያ እንድትሆነው አዲስ ቅዳም ከተማ ላለ ከሰል ጫኝ ሰጥቷታል። እንየው ሁለት ጊዜ ሄደ። መንገዱ ዳር የተቆለለው ከሰል ሁሉ በአሮጌ ባነር ተሸፍኗል፤ የምረቃ በዓል፣ የጤና ዘመቻ፣ የሆነ ሰው ሰርግ። እሷ የለችም። «ጥቁር ሸራ? ከጭነት ጋር ወጥታ ይሆናል» አሉት። ወዴት እንደሆነ የሚያውቅ አልተገኘም።

እንግዲህ አንተ አንባቢ፣ አዋቂ ነኝ የምትል፣ ስልክህን አውጥተህ መንገድ ዳር ያየኸውን ሁሉ የምታነሣ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። ከሰል የጫነ መኪና ከፊትህ ሲሄድ ብታይ፣ ጆንያው ላይ ዙሪያዋ ጥቁር፣ መካከሏ ብርሃን የሆነች፣ ቀይ ግላስ የለበሰ ፈረስ ያለባት ሸራ ታስራ ቢሆን፣ ፎቶ አንስተህ አትለፍ። አያ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ሳሉም ብሶባቸዋል። የሽማግሌው ፊት ከገመዱ ሥር ተቀዶ እንደሆነ አላውቅም፤ ሹፌሩ በነጻ ይልቀቃት አይልቀቃት አላውቅም። አንተ ብቻ መኪናውን አስቁመው።