የጋሽ መኩሪያ ሰማያዊ ግራይንደሮች

የተቃጠለ ሞተር ሽታ ከሌላ ቃጠሎ ይለያል። ጣፋጭ የሚመስል፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር፣ ልብስ ውስጥ ገብቶ እስከ ማግስቱ የሚቆይ ነገር አለው። ባለፈው ሳምንት አብዲ የሚባል ወጣት ፉንዲ፣ የእጅ ሙያተኛ፣ መድኃኒት መደብሬ ውስጥ መደርደሪያ ሊሰቅልልኝ ግድግዳ ሲበሳ፣ ድሪሉ ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ አጉረመረመና ጭስ ተፋ። ከገዛው ሁለት ቀኑ ነው። ካርቶኑ ውስጥ መልሶ ከተተውና መንገዱን ተሻግሮ ወደ ሻጩ ሄደ። አንድ ደንበኛ አስተናግጄ ሳልጨርስ ተመለሰ፤ ካርቶኑ አሁንም ብብቱ ሥር ነበር። ሻጩ ከስልኩ ቀና ሳይል የተሸጠ ዕቃ አይመለስም ብሎታል። አብዲ አልተናደደም። የሚባለውን አስቀድሞ ያውቀው ነበር፤ የሄደው አልሄድኩም ላለማለት ያህል ነው። ሌላ ድሪል ልዋስ ብሎ ወጣ። እኔ ከሽታው ጋር ቀረሁ። ጋሽ መኩሪያን ካሰብኳቸው ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር።

ሱቃቸው ወደ ድንበሩ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ በጎማ ጠጋኙና በግመል ወተት ሻጮቹ መካከል ነበር። ያኔ አስፋልቱ አልደረሰንም። ከናይሮቢ የሚመጣ ጭነት መኪና ቀናት በመንገድ ፈጅቶ ቀይ አቧራ ለብሶ ይገባ ስለነበር፣ በየሱቁ ያለው ዕቃም አቧራውን ይካፈላል። ጋሽ መኩሪያ ጠዋት ጠዋት ድሪሎቹን፣ የእንጨት መላጊያዎቹንና ብረት የሚቆርጡትን ግራይንደሮች ከየሚስማራቸው እያወረዱ በቀለም ቡሩሽ ያራግፏቸው ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ የማያቸው ከባንኮኒው ኋላ፣ ካኪ ገዋናቸውን ለብሰው፣ ሞርሳ ላይ ያሰሩትን ሞተር ሆዱን ከፍተው ሲመለከቱ ነው። ቤቱ ግሪስ፣ አዲስ ካርቶንና የጋለ ቆርቆሮ ይሸታል።

ከአባቴ ጋር የተዋወቁት በስደተኞች መጠለያ ነበር። አገር ቤት ሳሉ እሳቸው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን፣ አባቴ ደግሞ በያጅ ነበሩ። መንግሥት ሲለወጥ በእግራቸው ተሻገሩ፤ መጠለያው ሲዘጋም መሄጃ ሳይመርጡ እዚሁ ኬንያ ሞያሌ ቀሩ። አባቴ ኡራን ከምትባል መንደር የቦረና ሴት አግብቶ እኔን ወለደ። ጋሽ መኩሪያ ከሱቃቸው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ብቻቸውን ኖሩ። ግራ ጆሯቸው አይሰማም ነበር፤ የፋብሪካው ማሽን በልቶብኛል ይሉ ነበር።

ዕቃ ሲሸጡ ቆሞ ማየት ራሱ ትዕግሥት ይጠይቃል። ገዢው ግድግዳው ላይ ያለውን ይጠቁማል፤ እሳቸው ግን አያወርዱም። መጀመሪያ ምን ሊሠራበት እንደሆነ፣ የብረቱን ውፍረት፣ በመብራት ይሁን በጄኔሬተር የሚጠቀመው፣ የዓይን መከለያ መነጽር እንዳለው፣ ግቢው ውስጥ ትናንሽ ልጆች እንዳሉ ይጠይቁታል። ከዚያ ያወርዱና ይሰኩታል፤ ደህነኛውን ጆሯቸውን አስጠግተው ደቂቃ ያህል ያዳምጡታል፤ ለገዢውም ያስይዙታል። ይሄን ድምፅ ልብ በል፣ የተለወጠ ቀን ሳትሠራበት አምጣልኝ ይሉታል። ሰው ይሰለች ነበር። ከተማው በስዋሂሊ ባባ ማስዋሊ የሚል ስም አወጣላቸው፤ የጥያቄ አባት እንደማለት ነው። አንድ ጊዜ የዶሮ ቤት ለመሥራት ትልቅ ግራይንደር ሊገዛ የመጣን ሰውዬ በጥያቄ አድክመው፣ የእጅ መጋዝና ፒንሳ አስይዘው ሲሰዱት አባቴ አይቶ፣ እቤት መጥቶ ሲያወራው ሳቁ አላስጨርስ አለው። ያ ሰውዬ ግን ከዓመታት በኋላ ለልጁ ቤት ሲሠራ፣ ሌሎቹን ሱቆች ሁሉ አልፎ እሳቸው ጋ ነው የመጣው።

ሰማያዊዎቹ ግራይንደሮች ሲመጡ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ከአንድ የናይሮቢ አከፋፋይ የመጡ ነበሩ፤ ቀላል፣ ቆንጆ፣ ለእጅ የሚመቹ። ጋሽ መኩሪያ እንደ ልማዳቸው አንድ በአንድ አዳምጠው ሰባቱን ሸጡ። አንዱን የገዛው አባቴ ነው። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ከገዢዎቹ አንዱ የሆነ በር ሠሪ የራሱን ይዞ መጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። ጣቱን ከማብሪያው ላይ ቢያነሳም ግራይንደሩ አልጠፋ ብሎት፣ ስፒናውን ከሶኬት ነቅሎ ነው ያቆመው። ጋሽ መኩሪያ በካቻቢቴ ፈቱት። ማብሪያው ውስጥ ያለችው ፕላስቲክ በሙቀት ለስልሳ ቁልፉን ነክሳ ይዛዋለች። ሱቅ ውስጥ የቀሩትንም አውርደው ፈቷቸው፤ ፕላስቲኳ ያችው ናት። ናይሮቢ ደወሉ። አከፋፋዩ ከእርስዎ በቀር ያማረረ የለም አላቸው። ስልኩን ዘጉ፤ በጠራራ ፀሐይ ሱቃቸውንም ዘጉ። ያ በር በሥራ ቀን ተዘግቶ ያየ ሁሉ ሰው የሞተባቸው መስሎት ነበር።

ገዢዎቹን ለማግኘት ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። ያን ሁሉ ጥያቄ የጠየቁትን ሰው አይረሱትም። ከሰባቱ አምስቱ እዚሁ ከተማ ነበሩ፤ አንዱ ቦሪ፣ አንዱ ደግሞ የእናቴ አገር ኡራን። አባቴ ጋ የደረሱት እኔ ምሳውን ይዤለት በሄድኩበት ሰዓት ነው። አባቴ ትምህርት ሳይከፈት የሚያስረክበው የአንድ ትምህርት ቤት የመስኮት ፍሬም ነበረበት፤ አሮጌ ግራይንደሩን ደግሞ ሽጦታል። ነገሩን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ።

"ጋሼ፣ ሃያ ዓመት ብረት ቆርጫለሁ። እጄን አውቃለሁ" አለ።

ጋሽ መኩሪያ አልተከራከሩትም። የሚቆርጠውን ዲስክ አውጥቶ እንዲያስነሳውና ማብሪያውን እንዲለቅ ብቻ ለመኑት። አባቴ አስነሳው፣ ለቀቀው፣ ቆመ። ደግሞ አስነሳው፣ ቆመ። አሥር ጊዜ አስነስቶ አሥር ጊዜውንም እሺ ብሎ ቆመለት። አባቴ ፈገግ ብሎ አያቸው።

"አሥራ አንደኛውን አላውቀውም" አሉት ጋሽ መኩሪያ።

አባቴ ግራይንደሩን ከሶኬቱ ነቀለው። ከዚያ ገመዱን ጠቅልሎ ሰጣቸው። ምትክ እስኪያገኙለት ድረስ በእጅ መጋዝ ሲቆርጥ ሰነበተ። እራት ላይ ክንዱ አልነሳ ሲለው እናቴ ታጎርሰዋለች፤ እሱ ጋሽ መኩሪያን እየረገመ ያኝካል።

በዚያው ዕለት ጋሽ መኩሪያ ቦዳ ቦዳ በሚባለው የኪራይ ሞተር ሳይክል ቦሪ ደርሰው ተመለሱ። ወደ ኡራን የሚሄድ መኪና ግን እስከ ሦስት ቀን ድረስ አልነበረም፤ ስልክም ያኔ እዚያ አይሠራም። ወደዚያ ለሚያልፍ ባለሞተር መልእክት ሰጡት፤ የውኃ ጉድጓዱ ላይ የሚሠራውን ጉዮን ፈልገህ፣ መኩሪያ እስኪመጣ ማሽኑን እንዳትነካ በለው አሉት። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር እኔና እናቴም አያቴ ጋ ልንከርም በዚያው መኪና ተሳፈርን። የዱቄትና የስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጠን ሄድን። ጋሽ መኩሪያ ለጉዮ ምትክ የሚሆን የሌላ ፋብሪካ ግራይንደር በካርቶኑ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ መኪናው ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር እንደ ሕፃን ወደ ላይ ያነሱታል። እናቴን ምን ያህል እንደቀረን ሁለት ሦስቴ ጠየቋት። ሌላ ነገር አልተናገሩም።

ቀትር ላይ ደረስን። ግመሎቹ ገንዳው ዙሪያ ቆመዋል፤ ጄኔሬተሩ ዝም ብሏል። ገና ከመኪናው ሳንወርድ ውኃ የሚቀዱት ሴቶች ለእናቴ ነገሯት። እናቴ ወደ ጋሽ መኩሪያ ዞራ ነገረቻቸው። ጉዮን ትናንት ማሽኑ እጁን ቆርጦታል።

ከቤቱ አጠገብ ግራር ጥላ ሥር አገኘነው። ግራ እጁ በሚስቱ ሻሽ ተጠቅልሏል፤ ጨርቁ ደርቆ ጠቁሯል። ሚስቱ ዳርሚ ለእናቴ ስትነግራት እኛም ሰማን። ባለሞተሩ መልእክቱን ለሌላ ሰው ሰጥቶ አልፏል፤ ያ ሰው ለሌላ። ጉዮ ጋ ሲደርስ የቀረው መኩሪያ ሊያይህ ይመጣል የሚለው ብቻ ነበር። ጉዮም የገንዳውን የብረት አጥር ጀምሮ ስለነበር፣ ሰውዬው ሲመጣ አልቆ እንዲያይለት ብሎ ከጠዋት እስከ ማታ ሲቸኩልበት ሰነበተ። ማሽኑ አልጠፋ ያለው የመጨረሻውን ብረት ቆርጦ ሊያስቀምጠው ሲል ነው።

ጋሽ መኩሪያ ካርቶኑን እንደያዙ ወደ ጉዮ ጠጋ አሉ። ቀና ብሎ መጀመሪያ የተናገረው ጉዮ ነው፤ በቦረንኛ፣ ቀስ ብሎ።

"ማሽኑ ነው እንጂ አንተ ምን አደረግክ?"

"የሸጥኩልህ እኔ ነኝ" አሉት። "በሰው አፍ ልኬ ቁጭ ያልኩትም እኔ ነኝ።"

ካርቶኑን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ነበር፤ እናቴ ከእጃቸው ተቀብላ ከጉዮ ቤት ደጃፍ አስቀመጠችው። ከዚያ ጋሽ መኩሪያ ሾፌሩ ጋ ሄደው ጉዮን ሆስፒታል እንዲያደርስላቸው ለመኑት። ሾፌሩ እዚያው ሊያድር ነበር ያሰበው፤ ፊታቸውን አይቶ ጭነቱን እንዳራገፈ መኪናውን አዞረ። እኔ ከእናቴ ጋር ቆሜ ሲሄዱ አየኋቸው። ጉዮ ባዶ ጆንያ ላይ ተደግፏል፤ ጋሽ መኩሪያ አጠገቡ ተንበርክከው፣ የቆሰለው እጁ እንዳይመታ ክርኑን በሁለት እጃቸው ወደ ላይ ይዘውለታል። እስከ ሞያሌ ሆስፒታል አንድም ጊዜ አላወረዱትም ብሎ ሾፌሩ በኋላ ነግሮናል።

ጉዮ ሁለት ጣቱን አጣ። እስኪድን ድረስ የሰነበተው እሳቸው ክፍል ውስጥ፣ አልጋቸው ላይ ነው፤ እሳቸው መሬት ይተኙ ነበር። ክረምቴን ጨርሼ ስመለስ ሁለቱን ከሱቁ በር ላይ አገኘኋቸው። ጉዮ በግራይንደሩ በአንድ እጅ የሚሠራበት መቆሚያ እያበጁ ነበር። ብረቱን የበየደላቸው አባቴ ነው፤ ብስጭቱን ረስቶታል። ማሽኑ መቆሚያው ላይ ይታሰራል፤ የሚነሳው በእግር ሲረግጡት ነው፤ እግር ከተነሳ ይቆማል። ሦስት ጊዜ ሠርተው ሦስት ጊዜ አፈረሱት። ጋሽ መኩሪያ ጉዮን አስቀምጠው ይጠይቁታል፤ ቁመቱ ይመችሃል ወይ፣ ብልጭታው ወዴት ይሄድብሃል፣ ሲደክምህ የትኛው እግርህ ላይ ትቆማለህ። ጉዮ ሳይሰለች ይመልሳል። በመጨረሻ መቆሚያውን ይዞ አገሩ ገባ፤ እስከ ዛሬም ይሠራበታል።

ጋሽ መኩሪያ ግን ከኡራን ሙሉ ሰው ሆነው አልተመለሱም። አዲስ ዕቃ ሲመጣላቸው ሳይፈቱት አይሰቅሉም፤ ጥያቄያቸውም ረዘመ። አስፋልቱ ሲገባ የመስታወት በር ያላቸው ሱቆች ተከፈቱ፤ ዕቃው ረከሰ፤ ቆሞ የሚጠየቅ ሰው ጠፋ። ሽማግሌው ሳይሸጥልህ ይመሽብሃል ይባል ጀመር። ሁለተኛ ደረጃ ስደርስ አንድ ቀን፣ ለምን ዝም ብለው አይሸጡላቸውም አልኳቸው። ገዢ ሳይመጣ የዋለበት ቀን ነበር፤ ባንኮኒው ላይ በክርናቸው ተደግፈዋል።

"ደክሞኛል እኮ ልጄ" አሉኝ። "የምፈራው ደግሞ ሲደክመኝ ነው።"

ያረፉት በአንድ የዝናብ ወር ሳንባቸውን ታመው ነው። ጉዮ ከኡራን ሰዎች ይዞ በጭነት መኪና መጣ። አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር። ሱቁ አሁን የስልክ ሽፋን ይሸጥበታል። ዕቃዎቻቸውን ማን እንደወሰዳቸው አላውቅም፤ አባቴም አልጠየቀም።

እኔ ላይ የቀረው ሌላ ነገር ነው። አምና፣ ገበያ በሚበዛበት ቀን፣ ከቦሪ ለመጣች አንዲት እናት ለሕፃን ልጇ ሽሮፕ ሰጠኋት። ከሰዓት በኋላ መደርደሪያውን ሳስተካክል፣ የሰጠኋት ለትልልቅ ልጆች የሚሆነውን እንደሆነ ገባኝ፤ ጠርሙሶቹ ይመሳሰላሉ። ስልክ አልነበራትም። ከጠዋት ጀምሮ ቆሜ ስለዋልኩ እግሬ አብጦ ነበር። ወደዚያ በሚሄድ ሰው መላክ እችል ነበር፤ ሁለት ሴቶች እዚያው በር ላይ መኪና ይጠብቁ ነበር። ወረቀት ላይ ልጽፍላቸው እስክሪብቶ ሁሉ አንስቼ ነበር። አስቀመጥኩትና በሩን ቆልፌ ቦዳ ቦዳ ጠራሁ።

ሴትየዋን ለማግኘት ሦስት መንደር ጠየቅን። ጠርሙሱን ገና አልከፈተችውም ነበር፤ ልጁ ተኝቶ ስለነበር እስኪነቃ እየጠበቀች ነው። ለወጥኩላት። ብዙም አልገባትም፤ ውኃ ሰጥታኝ አመሰገነችኝ። ስንመለስ ባለሞተሩ ደግ ሰው ነሽ አለኝ። ደግነት እንዳልሆነ ልነግረው ፈለግኩ፤ በሰው አፍ ልኬ መቀመጥ አቅቶኝ ነው የመጣሁት ልለው። ግን ንፋሱ ድምፅ ይወስዳል፣ ደግሞም ደክሞኝ ነበር። የመቀመጫውን ብረት በሁለት እጄ አጥብቄ ያዝኩ።