ከጎንደር ባሕር ዳር በገመድ

መኪናችን የቆመችው ቤት ለመቀየር አንድ ሳምንት ሲቀረን ነው። ሞተሯ ነከሰ። ጎንደር ያሉ መካኒኮች ከፍተው አዩትና ሌላ ሞተር ካልተገኘላት እዚያው እንደምትቀር ነገሩኝ። ባለቤቴ ሙሉቀን ባሕር ዳር ፋብሪካ ውስጥ ከተቀጠረ ቆይቷል፤ እሱ እዚያ፣ እኔና ልጃችን መክሊት እዚህ፣ በስልክ የምንገናኝ ቤተሰብ ሆነን ነበር። በመጨረሻ የእኔም ዝውውር ተፈቀደና ባሕር ዳር አንድ ኮሌጅ ውስጥ መስከረም ላይ ማስተማር እንድጀምር ተነገረኝ። ሙሉቀን ሞተር ፈልጎ አገኘ። ችግሩ ሞተሩ ባሕር ዳር፣ መኪናዋ ጎንደር መሆኗ ነው።

«ተያት፣ በአውቶቡስ ኑ። ሌላ ቀን እናስመጣታለን» አለኝ በስልክ።

የሙሉቀንን «ሌላ ቀን» አውቀዋለሁ። የመታጠቢያ ቤታችን በር የሚጠገነውም ሌላ ቀን ነበር፤ ቤቱን ለቀን ስንወጣ እንደተሰበረ ነው የተውነው።

መክሊት አሥር ዓመቷ ነው። ግራ እግሯ ከጭኗ ጀምሮ በብረት የተደገፈ ስለሆነ አይታጠፍም። ባጃጅ ውስጥ አያስገባትም፣ ሚኒባስ ውስጥ ደግሞ ተሳፋሪ ሁሉ ሲረግጠው ይውላል። ስለዚህ የመኪናችን የፊት ወንበር የሚንሸራተትበትን ብረት አስረዝመን፣ እግሯን ዘርግታ እንድትቀመጥ አድርገንላታል። ባሕር ዳር የተቀበላት ትምህርት ቤት ከተከራየነው ቤት ሩቅ ነው። ባለፈው ዓመት መኪናዋ ተበላሽታ መክሊት ለጥቂት ሳምንታት ቤት ስትውል አይቻታለሁ፤ መጀመሪያ መጽሐፉን ተወችው፣ ቀጥሎ ምግቡን፣ ቀጥሎ ወሬውን። ያንን ሁለተኛ ላላይ ምያለሁ። ጎትቼም ቢሆን መኪናዋን ይዤ እገባለሁ አልሁ።

ጎታች የሆኑልኝ የባለቤቴ አባት ናቸው። አባባ ጥሩነህ ከቆላ ድባ ገበያ እህል እየጫኑ ጎንደር የሚያወርዱበት አሮጌ ፒክአፕ አላቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጤፋቸውን አራግፈው ሲያበቁ እኛ ቤት ጎራ ይሉና ከመክሊት ጋር ሲጫወቱ ይቆያሉ። ከእኔ ጋር ግን በአሥራ አንድ የትዳር ዓመት ከእግዜር ሰላምታ ያለፈ ብዙ ወሬ አልነበረንም። ልጅቷን ይዤባቸው መሄዴን እንዳልወደዱት አውቃለሁ። እንዲጎትቱልኝ ስጠይቃቸው ግን፣ «መንገዱ ክፍት የሆነ ቀን ንገሪኝ» ብቻ ነው ያሉኝ።

ከጎንደር መውጣት

የመንገዱን ሰላም ከዋዜማው ከገቡ ሹፌሮች አጣርተን ማለዳ ተነሣን። አልጋው፣ ፍሪጁና የመጻሕፍቱ ካርቶን ፒክአፑ ላይ እስከ ላይ ተቆልለዋል። መክሊት ከአያቷ አጠገብ እግሯ ሥር ትራስ ተደርጎላት ተቀመጠች፤ «የሚጎተት መኪና ውስጥ ሰው ባይበዛ ይሻላል» ያሉት እሳቸው ናቸው። እኔ ብቻዬን የኋላዋ መኪና መሪ ላይ ሆንሁ። በመካከላችን አንድ ወፍራም የናይለን ገመድ ነበር።

ተጎትቶ ለማያውቅ ሰው ነገሩን ላስረዳ። ሞተሩ ስለማይሠራ መሪው እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይከብዳል፤ ፍሬኑም በሙሉ ጉልበት ካልረገጡት አይዝም። ገመዱ ደግሞ ሁልጊዜ እንደተወጠረ መቆየት አለበት። ከፊት ያለው ሊያቀዘቅዝ ሲል ከኋላ ያለው ቀድሞ ፍሬን ይይዛል። ካልያዘ ገመዱ ይላላል፤ ፊተኛው መልሶ ነዳጅ ሲሰጥ የላላው ገመድ በአንድ ጊዜ ይወጠርና ወይ ይበጠሳል፣ ወይ የኋለኛውን ሰው አንገት ያሳምመዋል።

ይህንን ሁሉ ከመነሣታችን በፊት ተነጋግረንበታል። ሆኖም አዘዞ ሳንደርስ ትዕግሥቴ አለቀ። አባባ ያለ ምክንያት ያቀዘቅዛሉ። ከፊታቸው መኪና የለ፣ ከብት የለ፣ ጉድጓድ የለ፤ ፒክአፑ ብቻ ዝግ ይላል። እኔ ላያቸው ላይ ልወጣ ስደርስ በሁለት እግሬ ፍሬኑ ላይ እቆማለሁ። እሳቸው ምንም እንዳልተፈጠረ ነዳጅ ሲሰጡ ጭንቅላቴ ከወንበሩ ጋር ይላተማል። ክላክስ ባደርግ እጃቸውን አውጥተው ሰላም ይሉኛል። ሰውዬው እንቅልፍ ይዟቸዋል ብዬ ደመደምሁ።

ማክሰኝት

ማክሰኝት መግቢያ ላይ ገመዱ ተበጠሰ። መኪናዬ በያዘችው ፍጥነት ተንደርድራ መንገድ ዳር ቆመች፤ ፒክአፑ ትንሽ ሄዶ ነው የነቃው። ወደ ገበያ የሚጎርፈው ሰው ከበበኝ። አህያው ላይ ሽምብራ የጫነ አንድ ሰውዬ በመስኮቱ አየኝና፣ «እመቤት፣ ጥለውሽ ሄዱ እኮ» አለኝ።

«የት ይሄዳሉ፤ አልጋዬ እሳቸው ዘንድ ነው» አልሁት።

ወርጄ እየተናደድሁ ወደ ፒክአፑ ሄድሁ። አባባ የተረፈውን ገመድ እየጠቀለሉ ነበር።

«አባባ፣ ምን ሆነው ነው የሚያቀዘቅዙት?»

«መቼ አቀዘቀዝሁ?» አሉ። የገረማቸው ከልባቸው ነው።

መክሊት በመስኮት አንገቷን አወጣች። «እማ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲያዩ እኮ ነው። ኮፍያቸውን ያወልቁና እጅ ይነሣሉ። ጎንደር ላይማ አወላልቀው ሲሰለቹ ለእኔ ሰጡኝ።»

አርባ አራት ታቦት አለበት ከሚባል ከተማ እጅ እየነሡ ሲጎትቱኝ መምጣታቸው ያን ጊዜ ገባኝ። ሳቄ መጣ፣ ንዴቴ ግን አልሄደም። ተሳሳትሁና፣ «እንግዲያውስ ለዛሬ ብቻ ዝም ብለው ይለፏቸው» አልኋቸው።

ገመዱን ለሁለት አጥፈው እንደ እህል ጭነት ጠፍረው አሠሩት። ከዚያ ቀና ሳይሉ፣ «ልጄ፣ በዚህች መኪና ጎማ ፈንድቶብኛል፣ ጎርፍ ይዞኛል። እስከ ዛሬ ቤቴ የገባሁት እየተሳለምሁ ነው። ሰላም ሳልል አላልፍም» አሉ።

ድምፃቸውን አላነሡም። እኔ ግን አማቴን በአደባባይ የሰደብኋቸው ያህል አፈርሁ። አንድ ሰው የኖረበትን ነገር ለእኔ ገመድ ሲል ይተወው ማለቴ ነበር። መኪናዋንም ጥያት አልሄድም፤ መግባት አለባት።

«እንግዲያው ቀድመው ያሳውቁኝ» አልኋቸው። «ሊሳለሙ ሲሉ ግራ እጅዎን በመስኮት ያውጡ። እኔ ፍሬን እይዛለሁ፣ እርስዎ ተሳልመው ሲያበቁ እጅዎን ያስገባሉ።»

«ይሁን።»

«ግራ እጅዎ ውጭ፣ ቀኝ እጅዎ ኮፍያው ላይ፤ መሪውን ማን ይይዘዋል?»

«ጉልበቴ» አሉ። «እስከ ዛሬስ ማን የያዘው መሰለሽ?»

ባልጠይቅ ይሻለኝ ነበር።

ከእንፍራንዝ ወዲህ

ዘዴው ሠራ። ከተቆለለው ዕቃ የተነሣ ከፊት መንገድ አይታየኝም፤ የሚታየኝ የፍሪጁ ጀርባና የአባባ ግራ ክርን ነው። ክርኑ ሲዘረጋ ቀስ ብዬ ፍሬን እረግጣለሁ፣ ገመዱ እንደተወጠረ ይቆያል፣ ክርኑ ሲታጠፍ እለቃለሁ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እኔም መፈለግ ጀመርሁ። ከመንገዱ ራቅ ብሎ የጥድና የወይራ ደን ክብ ሠርቶ ካየሁ፣ እጃቸው ሳይወጣ እግሬ ፍሬኑ ላይ ይሆናል። በዚህ መንገድ በአውቶቡስ ስመላለስ ስንት ዓመቴ ነው፤ ይህን ያህል ቤተ ክርስቲያን እንዳለበት ግን አላውቅም ነበር።

አንድ ኬላ ላይ ፖሊሱ የአባባን መንጃ ፈቃድ አይቶ ወደ እኔ መጣ።

«ወዴት ነሽ?»

«እሳቸው የሄዱበት» አልሁት። ገመዱን አየ፣ እኔን አየ፣ ሳቁን ዋጥ አድርጎ እለፉ አለን።

ከእንፍራንዝ አለፍ ሲል በስተቀኝ በኩል ጣና ብቅ አለ፤ ከጥዋቱ ጭጋግ ጋር ተቀላቅሎ የት እንደሚያበቃ አይታወቅም። ከዚያ እስከ አዲስ ዘመን ያለው መንገድ ጠመዝማዛ ነው። ክንዴ እስኪዝል መሪውን ታገልሁት። አንድ ኩርባ ላይ ልተወው አሰብሁና የመክሊትን ወንበር አየሁት፤ ወደ ኋላ ሸሽቶ ባዶውን ተቀምጧል። መሪውን እንደገና ጨበጥሁ።

ወረታ

ወረታ ምሳ በላን። የፎገራ ሜዳ ገና ውኃ እንዳቆረ ነው፣ ሩዙ ዓይን እስከሚያየው ድረስ አረንጓዴ ሆኗል። የምግብ ቤቱ እንጀራ ሩዝ የተቀላቀለበት ነው፤ ነጭና ለስላሳ ነው፣ ግን ቶሎ ካልበሉት ይደርቃል። ሽሮ አዘዝን። የቤቱ ባለቤት እጃችንን ስታስታጥብ መዳፌ ላይ የወጣውን ውኃ የቋጠረ ቁስል አይታ ቅቤ ልቀባሽ ብላ ለመነችኝ።

አባባ አልበላ አላቸው። ቆይተው፣ «ትምህርት ቤቱ ደረጃ አለው?» ብለው ጠየቁኝ።

የጎንደሩ ትምህርት ቤት ደረጃ ብቻ ነበር። አንዳንድ ቀን ሙሉቀን ስለሌለ እሳቸው ናቸው አዝለው ያወጧት።

«የለውም አባባ። ሜዳ ነው። በራሷ ትገባለች።»

«በራሷ?»

«በራሷ።»

«በይ እንግዲያስ» አሉና እንጀራውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። ልጅቷን የለቀቁልኝ እዚያ ማዕድ ላይ ይመስለኛል።

ሐሙሲት

ሐሙሲት ስንደርስ ፍሬኔ መሽተት ጀመረ፤ የተቃጠለ ጨርቅ ዓይነት ሽታ ነው። ክላክስ አድርጌ አስቆምኋቸው። ወርደው ጎማዎቹን በእጃቸው ጀርባ ነካ ነካ አደረጉና፣ «ፈልቷል። እስኪበርድ እንቀመጥ» አሉ። ጥላ ሥር ተቀመጥን። ሙሉቀን ደወለ፤ ደኅና ነን አልሁት።

ሲበርድ ሜዳ ላይ ሞከርነው፣ ይይዛል። የቀረን ግን ወደ ዓባይ የሚያወርደው ቁልቁለት ነው።

«በሁለተኛ ማርሽ፣ በአንድ ዓይነት ፍጥነት እወርዳለሁ» አሉ። «አንቺም በስሱ ያዥው። ፍጥነቱ ካልተለዋወጠብሽ አይግልም።»

«ከተለዋወጠስ?»

«እኔ ላይ ትወጫለሽ።»

መክሊት እሳቸው ጋር ናት። ከእኔ ጋር ትሁን እንዳልል የእኔዋ ፍሬኗ የማያስተማምን መኪና ናት። ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ ደግሞ አስፋልቱ ጥግ አንዲት የማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ሁለታችንም እናውቃታለን። እዚያች ላይ ዝግ ካሉ ፍሬኔ እንደማይችል ሁለታችንም እናውቃለን። ምንም አላልኋቸውም። ማክሰኝት ላይ የተናገርሁት ይበቃኛል።

መውረድ ጀመርን። ከኋላዬ አንድ የጭነት መኪና ክላክሱን ያንባርቃል። ሽታው እንደገና መጣ። ዓይኔን ከአባባ ክርን ላይ አልነቀልሁም፤ እጃቸው ከወጣ ወደ ቦዩ አዙሬ ልጥላት ቆርጫለሁ። መኪናዋ ትሂድ። ዛፎቹ ታዩ። የግቢው ቆርቆሮ በር ታየ። ክርኑ መስኮቱ ላይ እንዳለ ነው። በሩ በአጠገቤ አለፈ፤ ፒክአፑ አንድም አልቀነሰ፣ አንድም አልጨመረ። ገመዱ እስከ ታች እንደተወጠረ ወረደ።

ባሕር ዳር

ድልድዩን ተሻግረን በዘንባባዎቹ መካከል ስናልፍ ባጃጆች ለሁለት ተከፍለው አሳለፉን። ሙሉቀን መካኒክ ይዞ ቤታችን በር ላይ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ጎረቤቶች ወጡና መኪናዋን ወደ ግቢ ሊገፏት ሲሉ መክሊት አስቆመቻቸው። አያቷ አቅፈው ከፒክአፑ አወረዷትና መኪናዋ ውስጥ ወንበሯ ላይ አስቀመጧት፤ እግሯን ዘርግታ፣ እየተገፋች ገባች።

«አባባ ኮፍያቸውን አላወለቁም» አለችኝ በጆሮዬ። «ማርያም ጋ። መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው ከንፈራቸውን ነክሰው ነበር።»

አባባ ቤት አልገቡም። «ባጃጅ ጥራልኝ» አሉት ልጃቸውን።

«ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ? ወዴት ነው?»

«እመለሳለሁ።»

ሙሉቀን ግራ ገብቶት እኔን አየኝ። እኔ ገብቶኛል። ነጠላዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ከጎናቸው ባጃጁ ውስጥ ገባሁ። ተመልሰን ድልድዩን ተሻገርን፣ ቁልቁለቱን ሽቅብ ወጣን።

የማርያም ግቢ በር ላይ ኮፍያቸውን አወለቁ። ቆርቆሮውን ተሳለሙና ግንባራቸውን እንዳስደገፉ ቆዩ። የምሰማ አልመሰላቸውም መሰለኝ፤ ደጃፏ ላይ ለተቀመጠች ሰው እንደሚናገሩ ሁሉ ቀስ ብለው፣ «እመቤቴ፣ ቅድም ዝም ብዬ ያለፍሁሽ ልጄንና የልጄን ልጅ ይዤ ነው» አሉ።

ልጄ ያሉት እኔን ነው። ሙሉቀን ያን ሰዓት ባሕር ዳር ነበር። ነጠላዬን አጣፍቼ አጠገባቸው ቆምሁና አለቀስሁ፤ መንገድ ላይ ያላለቀስሁትን ጭምር አለቀስሁ። አማቴን አውቃቸዋለሁ ስል አሥራ አንድ ዓመት ኖሬ፣ ያወቅኋቸው ከኋላቸው ታሥሬ ስሄድ በዋልሁበት ቀን ነው።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ፣ ሞተሯ እንደገባ መክሊትን ይዤ ቆላ ድባ እንደምመጣ ነገርኋቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ባይሆንም፣ መንገዱ ክፍት በሆነ ቁጥር።

ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ትንሽ አሰቡ።

«ነይ» አሉ። «ግን እየተሳለምሽ ነይ።»