ሦስት ሚሊዮን ቅጠል

ከጉብሬ ወደ ወልቂጤ ስመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ጎኔ የተቀመጠችው ሴት ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ስልኳን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ ታወራለች። ጨዋታ ስለምወድ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ።

«አብሽሩ ጋሽ ሰይዶ፣ ፎቶዎቹ አልከፈት ያሉት በዲስኮቹ አይደለም፤ ዲስኮቹ ጤነኛ ናቸው፤ እንዳይቀይሯቸው። ሦስት ሚሊዮን የእንሰት ቅጠል ፎቶ አንድ ፎልደር ውስጥ አጭቃችሁ፣ የትኛው የት እንዳለ ሁላችሁም አንዱን ሰርቨር ስትጠይቁት ምን ያድርግ?»

«እንዳይጠፋብን ብለን ነዋ» አሉ በማዶ ያሉት የምርምር ማዕከል ኃላፊ። «የማን እንሰት እንደታመመ ነገ ለገበሬው መንገር አለብን።»

«በየቀበሌው ከፋፍዬ ግማሹን ሥራ ለፈታው ለሁለተኛው ሰርቨር ሰጥቼዋለሁ። አሁን ይክፈቱት።»

የሹራቧን እጅጌ ወደ ላይ እየሰበሰበች ጠበቀች። የሹራቡ ክርን ተጥፏል።

«ወዲያው ከፈተ» አሉ ሰውየው።

እሷ እንደሆነ አልተደነቀችም። መናኸሪያ ስንወርድ «ጎበዝ ነሽ፣ እህቴ» አልኳት።

«የፎልደሩስ ነገር ቀላል ነው» አለችኝ። «የእናቴ እንሰትም እዚያ ውስጥ አለ። አሁን እሱን ልየው።»