ከሎሪ የወረደው ኮምፒውተር

ልጅ እያለሁ፣ በኬንያ በኩል ባለው ሞያሌ፣ እኛ ቤት ሁለት ሕጎች ነበሩ። ከናይሮቢ በሎሪ የመጣ ዕቃ ሁሉ መጀመሪያ ብሎኑ ይጠብቃል፤ ይሄ የአባባ ሕግ ነው። ከዚያ ይታጠባል፤ ይሄኛው የእማዬ ነው። ያኔ የሞያሌ መንገድ አስፋልት የሚባል ነገር አያውቅም። ሎሪው እየተንገጫገጨ ሲደርስ የወንበሩ እግር ተላቆ፣ የአልጋው ብሎን ረግፎ፣ ሰውም ዕቃውም ቀይ አፈር ለብሶ ነው የሚወርደው። አባባ ካቻቢቴውን፣ እማዬ ሳፋዋን ይዘው በር ላይ ይጠብቃሉ። የእኔ ዘመን የሞያሌ ልጆች ይሄን ስታነቡ ያ የናፍጣና የፍየል ሽታ አፍንጫችሁ ላይ እንደሚመጣ አልጠራጠርም።

ልጅነታችን ድብልቅልቁ የወጣ ነበር። በስዋሂሊ እንቆጥራለን፣ በኦሮምኛ እንጫወታለን፣ ስናጠፋ በአማርኛ እንገረፋለን። የሎሪ ጥሩምባ ከተሰማ ግን ሰኞ ማክሰኞውን ከነጠጠሩ ጥሎ መሮጥ ነው። በዚያ ሐሙስም ሮጥኩ። ሾፌሩ ቦሩ፣ ያ ረጅሙ የቦረና ሰው፣ ከጎኑ ካለው ወንበር ላይ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር እንደ አራስ ልጅ አቅፎ አወረደ። ኮምፒውተር! እኛ ቤት ኮምፒውተር መጣ! የማደርገው ጠፋኝ። የሰፈሩን ልጅ ሁሉ በየስሙ እየጠራሁ ስጮህ አባባ፣ «ሚጡ፣ ሰው ዓይን ውስጥ ልታስገቢን ነው?» ብሎ ጆሮዬን ይዞ አስገባኝ።

ኮምፒውተሩ የመጣው ለታላቅ እህቴ ለሰናይት ነበር። ሰናይት ሁለተኛ ደረጃ ጨርሳ ሥራ አጥታ ቤት ተቀምጣለች። ትምህርት ቤት ሳለች ታይፕ ማድረግ ተምራ ስለነበር፣ «አሮጌም ቢሆን አንድ ኮምፒውተር ግዛልኝ፣ ከሱቅህ ጥግ ቁጭ ብዬ ለሰው ማመልከቻ እየጻፍኩ ራሴን እችላለሁ» እያለች አባባን ስትለምነው ከረመች። በሌላ በኩል ማርሳቢት ሆቴል ያላት አክስታችን ልጅቷን ላክልኝ እያለች ትወተውተዋለች። በመጨረሻ አባባ ቁርጡን ተናገረ። ሻጩ ካልሠራ በዚያው ሎሪ መልሱልኝ ብሏል፤ ቅዳሜ ቦሩ ከብት ጭኖ እስኪነሳ ካልሠራ ኮምፒውተሩ ይመለሳል፣ ሰናይትም በዚያው ሎሪ ማርሳቢት ትሄዳለች። ያኔ ማርሳቢት የሄደ ሰው ለፋሲካ ቢመጣ ነው። እኔና እሷ አንድ አልጋ ላይ ነበር የምንተኛው። ጸጉሬን የምትሠራኝ እሷ፣ የስዋሂሊ መምህሬ የሰጡኝን የቤት ሥራ የምታስረዳኝ እሷ፣ እማዬ ስትቆጣኝ ከኋላዋ የምትደብቀኝ እሷ ናት። ይሄን ሳስብ ያ ሎሪ ጎማው ሁሉ በተነፈሰ ብዬ ተመኘሁ።

እማዬ አፈር የለበሰውን ሁሉ ጓሮ ወስዳ አጸዳድታ አስገባችው። ኮምፒውተሩ እንግዳ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ጉብ አለ። ሰናይት ሽቦውን ሁሉ በየቀዳዳው ከታ፣ አማትባ፣ ቁልፉን ተጫነችው። ቲይይይት! ቲይይይት! ስክሪኑ ድፍን ጥቁር፣ ሳጥኑ ግን ይጮሃል። እማዬ «በስመአብ!» ብላ ወደ በሩ ሸሸች። አባባ «ምን ሆኖ ነው የሚያለቅሰው?» አለ። ሰናይት ደጋግማ ማጥፋት ማብራት ስትጀምር በር ላይ የቆመው ቦሩ በስዋሂሊው «ሀራካ ሀራካ ሃይና ባራካ» ብሎ ተረተባት። እማዬም፣ «እሱን እኛም እናውቃለን፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለችው። ተረቱ በሁለት ቋንቋ ወረደብን እንጂ ጩኸቱ አላቆመም።

ዓርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሰናይት ምሳዋን ሳትነካ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች። ሻንጣዋ ተዘጋጅቶ በሩ ሥር ቆሟል። ከዚያ ድንገት አንድ ነገር ትዝ አለኝና፣ «አባባ፣ ብሎኑን አጥብቀኸዋል እንዴ?» አልኩት። አባባ ካቻቢቴውን ከኪሱ አውጥቶ አየው። ለካ ወንበርና አልጋ ሲያጠብቅ የኖረ ሰው ኮምፒውተር ሲያይ የገዛ ሕጉን ፈርቶ ትቶታል! «ይሄ እኮ ወንበር አይደለም፣ ሚጡ» ሲል ሰናይት ብድግ አለች። «ምን ልዩነት አለው አባባ? ያው በዚያው መንገድ አይደል የመጣው!» ብላ ካቻቢቴውን ከእጁ ተቀበለችው።

መብራቱን ነቅለን የሳጥኑን ጎን ስንከፍተው የታመቀ አቧራና የብረት ሽታ ወጣ። ውስጡ ሽቦ በሽቦ ነው፣ ቀዩ አፈራችን እዚያም ገብቷል። አባባ የፊቱን ብሎኖች፣ ሰናይት የውስጡን ሽቦ፣ እኔ ደግሞ በትንንሽ ጣቶቼ እነሱ የማይደርሱበትን ያዝን። አንዷ ቀጭን አረንጓዴ ካርድ አንድ ጫፏ ከቦታዋ ወጥቶ አየሁ። ሰናይት አውጥታ በነጠላዋ ጠረገቻትና መለሰቻት፤ እኔ ተጫንኳት፣ ቀጭ! አለች። ስናበራው ያ ሁሉ ጩኸት የለም። አንዴ ጢጥ አለና ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጭ ፊደል ተንዠቀዠቀ! እሰይ! እኔና ሰናይት ተቃቅፈን ዘለልን፤ አባባም እንደ ምንም ፈገግ አለ።

ፊደሉ መንዠቅዠቁን ሲያቆም ግን አንድ መልእክት ላይ ቀጥ አለ። እንግሊዝኛ ነው። ሰናይት ለአባባ በአማርኛ አነበበችለት፦ «ኪቦርድ የለም። ለመቀጠል ኤፍ ዋን የሚለውን ይጫኑ።» አባባ መነጽሩን አወለቀ። «ከሌለ ምኑን ነው የምንጫነው? ኧረ ይሄ ነገር እያፌዘብን ነው!» አለ። ኪቦርዱ እኮ አፍንጫችን ሥር ተቀምጧል፣ ንጹሕ፣ የሚያብረቀርቅ! ነቅለን ሰካነው። ኤፍ ዋንን በየተራ ተጫንን፣ ጣቴ እስኪያመኝ። መልእክቱ ወይ ፍንክች። ይባስ ብሎ ከማዶ፣ ከኢትዮጵያ በኩል የሚመጣው መብራት ሄደ፣ ተስፋችንም አብሮ ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት መብራቱ ቢመለስም መልእክቱ ያው ነበር። እማዬ ሰናይትን ጸጉሯን ለመንገድ እየሠራቻት ማልቀስ ጀመረች። «እኔ ምን አጎደልኩበት? አፈሩ በየቀዳዳው ገብቶበት ነበር፣ በሳሙና አሽቼ፣ በሁለት ውኃ አለቅልቄ፣ አንጠፍጥፌ...» ሰናይት በግማሽ ሹሩባ ዘወር አለች። «እማዬ፣ ኪቦርዱን አጠብሽው?» እማዬ እንባዋን ጠርጋ፣ «ታዲያ ከነአፈሩ ላስገባው ኖሯል?» አለች፣ ቆጣ ብላ። ሰናይት ኪቦርዱን አንስታ ገለበጠችው። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ! የምትጮህ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን በሳቅ ፈረሰች። «አልሞተም! ውኃ ነው! እርጥብ ነው እንጂ አልሞተም!» እያለች እማዬን አገላብጣ ሳመቻት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሩጫ ባያችሁ! ሰናይት የኪቦርዱን ቁልፎች አንድ በአንድ ነቀለች፤ እማዬ ሰፌድ አምጥታ እንደ በርበሬ አሰጣቻቸው፤ ገላውን ፈትተን ቆርቆሮው ላይ ዘረጋነው። የሞያሌን ፀሐይ ስረግማት የኖርኩ ልጅ በዚያ ቀን «በርቺ! በርቺ!» አልኳት። ፊደሎቹን በቆሎ መስሏቸው የመጡትን ዶሮዎች እያባረርኩ፣ አንድ ዓይኔ ሎሪው ላይ ነው። ቦሩ ከብቶቹን ጭኖ ጨርሷል። አባባ ወጣና የሰናይትን ሻንጣ ሎሪው ላይ አስጫነው። ጥሩምባው ተነፋ። «ባባ ሰናይት፣ ትዌንዴ! እንሂድ!» ብሎ ቦሩ ተጣራ።

አባባ በር ላይ ቆሞ «ሰናዬ፣ ይብቃ» አለ፣ ድምፁ ልስልስ ብሎ። «አንዷን ቁልፍ ብቻ አባባ፣ አንዷን ብቻ!» ብላ ሰናይት ሮጣ ገላውን ከቆርቆሮው አወረደች፤ እኔም ከሰፌዱ ኤፍ ዋንን ፈልጌ አቀበልኳት። ገጣጥማ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው ያ ኪቦርድ አንድ ጥርስ ብቻ ያበቀለ ሕፃን መሰለ። አበራችው። ጢጥ! ፊደሉ ተንዠቀዠቀ፣ ኪቦርድ የለም የሚለው መልእክት ግን አልመጣም። በእሱ ቦታ ሌላ መጣ፦ ቀኑ ተሳስቷል፣ ለመቀጠል ኤፍ ዋንን ይጫኑ። «ይሳሳታ! ሚጡ፣ ተጫኚ!» አለች ሰናይት። ዓይኔን ጨፍኜ ተጫንኩ። ስገልጥ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ በርቷል፣ ሳጥኑም ዘፈን የመሰለ ነገር አሰማ። ወይኔ! እማዬ እልልታዋን ስታቀልጠው ቦሩ ሳይቀር ከሎሪው ወርዶ እየሮጠ መጣ።

አባባ ስክሪኑን አየት አድርጎ ፊቱን አዙሮ ወጣ። የተናደደ መስሎኝ ነበር። ሲመለስ፣ ያ ሱቁ ውስጥ እንኳ የራሱን ወንበር ራሱ የማያነሳ ሰው፣ የሰናይትን ሻንጣ ትከሻው ላይ ተሸክሟል። «ይሄን የት ላስቀምጠው?» አለ። ሰናይት ያኔ ገና ማልቀስ ጀመረች።

ከሰዓት ሰናይት ቀሪዎቹን ፊደሎች ወደየቦታቸው መለሰች። እኔ ግራ ገብቶኝ ሳያት፣ እሷ ዓይኗን ትጨፍንና ጣቶቿን ባዶው ላይ ታስሮጣለች፤ ጣቷ ያረፈበት ላይ ፊደሉን ትሰካዋለች። አንዱንም አልሳተችም። ራቅ ካሉት ከኦቦና ከቦሪ መንደሮች ሳይቀር ሰው ማመልከቻ ሊያስጽፍ ሱቃችን በር ላይ የሚሰለፍበት ዘመን የጀመረው እንዲያ ነው።

ዛሬ መንገዱ አስፋልት ሆኗል። ጠዋት ማርሳቢት ሄዶ ለእራት ሞያሌ መመለስ ይቻላል፤ ስለዚያ ቅዳሜ ለልጆቼ ሳወራ ማርሳቢት ምኑ ያስፈራል ብለው ይስቁብኛል። ከእነሱ ጋር አልከራከርም። ያ ሁሉ ጭንቀት፣ ያ ሁሉ ደስታ ለአንዲት ቁልፍ መሆኑ አሁን ለእኔም ይገርመኛል፤ እንደዚያ ቀን ደግሞ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሰናይት ከእኔ ግቢ ቀጥሎ ነው ቤቷ። ዛሬ ጠዋት እንደ ልማዷ ሳታንኳኳ ገብታ፣ ወጥሽ ጨው በዝቶበታል፣ ልጆችሽን አሞላቀቅሽ፣ ቤትሽ አልተጠረገም ስትለኝ እኔም አልማርኳትም፣ የልቤን ነገርኳት። ተኮራርፈን ተለያየን፤ ማታ መምጣቷ አይቀርም። ተመስገን ነው። ሎሪው ያን ቀን ያለ እሷ ሄደ፣ እኔም እስከ ዛሬ የምጣላት እህት አለችኝ።