ከበሩ ሥር የምትቀመጠው

በትምህርት ቤቱ የወላጆች ስብሰባ ቦታዋ ሁልጊዜ ከበሩ ሥር ነው፤ ለገበያ ያዘለቻቸውን ማሰሮዎች ደጅ አስቀምጣ ትገባለች። ሸክላ ሠሪ ናትና አግዳሚው ላይ ከጎኗ የሚቀመጥ የለም። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው መምህር ደርቤ ከስሟ ይልቅ አሻራዋን ያውቀዋል። የአውራ ጣቷን መስመሮች ጭቃው ስለጨረሳቸው፣ ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ልሙጥ ሰማያዊ ክብ ብቻ ነው።

በዛሬው ስብሰባ አንደኛ ክፍሎች ከሰዓት በኋላ ይማሩ ተባለና ተጨበጨበ። የአሻራው ቀለም ሲደርሳት እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

«አድርጊ እንጂ፣ የዳባት ገበያ ሊያመልጥሽ ነው!» አሉ ሰብሳቢው አቶ ገዱ። «ወይስ ጣትሽንም ልትሸጪው ነው?»

ቤቱ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች።

«አያ ገዱ፣ እርስዎ ማሰሮ ሲገዙ አንኳኩተው፣ ስንጥቅ እንደሌለው አይተው አይደል? እኔስ ይኼን ሳላንኳኳው እንዴት ልውሰድ? የእኛ ልጆች ከወንዝ ማዶ ናቸው። ከሰዓት ከተማሩ መንገድ ላይ ይመሽባቸዋል፤ ጅቡ እንደሆነ የሕፃን እግር አይጠብቅም። የማዶዎቹ ጧት ይማሩ።»

ሳቁ ቆመ። አንዲት እናት ከፊት ዞር ብላ «እውነቷን እኮ ነው» አለች፤ ሌሎችም ተቀበሏት። አቶ ገዱ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «በል ጻፈው» አሉ።

ደርቤ ጽፎ ወረቀቱን ወሰደላት።

«የኔ ቃል የቱ ጋ ነው፣ የኔታ?»

በጣቱ አሳያት። የሌላው ሁሉ ፊርማ ከግርጌ ተደርድሯል፤ እሷ ግን ልሙጥ ጣቷን ከዚያች መስመር ጎን አሳረፈች።