«ልጇ ነኝ» ያለችው ሴት

ይህ ነገር የገጠመኝ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ጅግጅጋ ዝናቡ ሊገባ ሲል ነው። ሰማንያ አራት ዓመት ሞልቶኝ ነበር። በዚህ ዕድሜ ብዙ ነገር ይረሳል፤ መነጽሬን ዓይኔ ላይ አድርጌ መነጽሬን የምፈልግ ሴት ነኝ። ይህን ግን አልረሳሁትም፣ የምረሳውም አይመስለኝም።

ጅግጅጋ የመጣሁት ወታደር ባሌን ተከትዬ ነው። እሱ ሞተ፤ እኔ መሥሪያ ቤት ታይፕ ስመታ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ልጅ አልወለድኩም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል፤ የእኔዎቹ ጎረቤቶች ግን በ2010 ክረምት ከነበረው ብጥብጥ በኋላ አብዛኞቹ ወደየአገራቸው ገቡ። እኔ ወዴት ልሂድ? ቀረሁ። ዕድር አለኝ፤ ዕድር ግን የሚመጣው ከሞቱ በኋላ ነው።

ሕመሙ ሲጀምረኝ ደም ነበር። ኪንታሮት ነው ብዬ፣ አፍሬም፣ ዝም አልኩ። በኋላ ከአልጋ መነሳት ሲያቅተኝ ሆስፒታል ሄድኩና ትልቁ አንጀቴ ላይ እብጠት ተገኘ። ካልወጣ አንጀቱን ይዘጋዋል አሉኝ። ወሎ ላለችው የእህቴ ልጅ ደወልኩላት።

«አክስቴ፣ በዚህ ዕድሜ ሆድሽን ልትቀደጂ? ነይና እዚሁ እናስታምምሽ» አለችኝ።

ነይና እዚሁ ሙቺ ማለቷ ነው። አልተቀየምኳትም። ሌላ ሰው ቢሆን እኔም እንደዚያው ነበር የምለው።

ያን ሰሞን ከአዲስ አበባ የመጡ ቀዶ ሐኪሞች ለጥቂት ቀን ሆስፒታላችን ነበሩ። ሆድ ሳይከፍቱ፣ በትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራ አስገብተው ነው የሚሠሩት። አስተኝተው ልቤን መረመሩ፣ ሳንባዬን መረመሩ፣ ኮሪደሩን ወዲያና ወዲህ አስኬዱኝ። ከዚያ ሐኪሙ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አለ።

«እማማ፣ እኔን የሚያስፈራኝ ዕድሜዎ አይደለም» አለኝ። «ልብዎና ሳንባዎ ደህና ናቸው፤ በራስዎ እግር ይሄዳሉ። ቁስሉም ትንሽ ስለሚሆን ቶሎ ይነሳሉ። አደጋ የለውም ግን አልልዎትም። መሃል ላይ ካስቸገረን ሆድዎን መክፈታችን ነው፤ እሱ ደግሞ ከባድ ነው።»

እኔ ጆሮዬ ከአደጋው ይልቅ ቁጭ ብሎ ማናገሩ ላይ ነበር። እንዲህ ተረጋግቶ ያናገረኝ ሰው ከጠፋ ቆይቷል። እሺ አልኩት።

በማግስቱ ጠዋት ሊሠሩኝ ተነጋገርን። ከዚያ ነርሷ መጣችና አስታማሚዬ ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። የለኝም አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። መድኃኒት ሮጦ የሚያመጣ፣ ከማደንዘዣው ስነቃ የሚይዘኝ፣ በማግስቱ ደግፎ የሚያስኬደኝ ሰው ከሌለ ሊሠሩኝ እንደማይችሉ ነገረችኝ። ይህን ያህል ያረጀ ሰው ከቀዶ ጥገና በኋላ ከተኛ ሳንባው ይታመማል፤ የግድ መነሳት አለበት። ሐኪሞቹ ደግሞ በሳምንቱ መጨረሻ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳሉ። እንግዲህ ሰው ስለሌለኝ ልሞት ነው። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ከጎኔ ያለው አልጋ ላይ ከሩቅ ወረዳ፣ ከሀርሺን የመጡ አንዲት ሶማሌ አሮጊት ተኝተው ነበር። ዕድሜያችን እኩል ነው፣ ሕመማችንም አንድ ዓይነት። የሳቸው ልብ ግን ማደንዘዣውን አይችልም ተብሎ ወደ ቤታቸው እየተሸኙ ነበር። ወንዶች ልጆቻቸው መኪና አቁመው፣ ሴቷ ልጃቸው ፋዱሞ ብርድ ልብሱን እያጠፈች ነበር። ፋዱሞ እዚሁ ጅግጅጋ ገበያ ልብስ ትሸጣለች። እናቷን ስታስታምም ለእኔም ውኃ ታቀብለኛለች፤ ከዚያ ያለፈ ትውውቅ አልነበረንም።

ሐኪሙ ነርሷ ነግራው ተመልሶ መጣ። ፋዱሞን አልጋዬ አጠገብ ቆማ ሲያያት ልጄ መሰለችው። ስለ ቀዳዳው፣ ስለ ደሙ፣ ሊመጣ ስለሚችለው ነገር ሁሉ ለሷ ይነግራት ጀመር። እሷ ብርድ ልብሱን እንደያዘች እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«ልጃቸው ነሽ አይደል?» አላት።

«ልጇ ነኝ» አለችው።

ሐኪሙ ሲወጣ «ምን ነካሽ? እናትሽን ይዘሽ ሂጂ እንጂ!» አልኳት።

«እናቴ ወንድሞቼ አሏት። አንቺስ ማን አለሽ?» አለችኝ። ሶማሊኛ አንቱ ስለሌለው ለሁሉም አንቺ ነው የምትለው። ከእናቷ ጋር በሶማሊኛ ተነጋገሩ። አሮጊቷ አንገታቸውን ቀና አድርገው ትክ ብለው አዩኝና የሆነ ነገር አሉ። ምን አሉ ብላት «እኔ ሳልሞት ሌላ እናት አገኘሽ? ብላ ሳቀችብኝ» አለችኝ። ወንድሞቿ እናታቸውን ተሸክመው ወጡ። ፋዱሞ «አንቺ ስትድኚ እከተላቸዋለሁ» አለችኝ።

ተሠራሁ። ስነቃ እጄን የያዘችኝ እሷ ነበረች። ሐኪሙ በቀዳዳው ብቻ እንደጨረሱት፣ ሆዴን መክፈት እንዳላስፈለጋቸው ነገረኝ። በማግስቱ ፋዱሞ ስልኳ ጠራና ወደ ውጭ ወጣች። ቆየች። ፊቷን ታጥባ ተመለሰች። እናትሽ እንዴት ናቸው አልኳት።

«ተነሺ፣ እንራመድ» አለችኝ።

እኔ ደግሞ አቤት ንዝንዜ! ወገቤን፣ ቁስሌን፣ ጨካኝ ነሽ፣ ያላልኳት የለም። ደግፋ አስነስታ እስከ መስኮቱ ወሰደችኝ። በቀጣዮቹም ቀናት እንደዚያው። አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣችኝም።

ከሆስፒታል ስወጣ ብቻሽን አትገቢም ብላ ባጃጅ ጠርታ ወደ ቤቷ ወሰደችኝ። በሩ ሲከፈት ግቢው በሰው ተሞልቷል። ሴቶች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ ወንዶች ጥላው ሥር። እኛ ስንገባ ብድግ ብድግ አሉ።

ልቤ በደስታ ሞላ። ፋዱሞ ለሰፈሩ ሁሉ ነግራልኝ ሊጠይቁኝ መጡ አልኩ። ያን ያህል ሰው ለእኔ ብሎ ተሰብስቦ አያውቅም። በሩ ላይ ቆሜ ንግግር ጀመርኩላችሁ።

«እግዜር ያክብርልኝ! ለእኔ ለአሮጊቷ ብላችሁ ምነው ይህን ያህል መድከም? ይኸው ድኛለሁ። ሆዴን እኮ አልከፈቱትም፤ በቀዳዳ ነው፣ በትንሽ ቀዳዳ!» በጣቴ ልኩን አሳየኋቸው።

ፋዱሞ ክንዴን ያዘች። አንዲት አማርኛ የምትችል ጠና ያለች ሴት ጠጋ ብላ ዝግ ባለ ድምፅ አናገረችኝ።

«እህቴ፣ እንኳን አላህ አተረፈሽ። እኛ ግን ለለቅሶ ነው የመጣነው። የፋዱሞ እናት ሞታለች። አንቺ በተሠራሽ ማግስት።»

ፋዱሞ በሶማሊኛ ተቆጣቻት። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አፌን በቆረጠው! ለምን አልሄድሽም፣ ለምንስ አልነገርሽኝም አልኳት ፋዱሞን።

«ቀብሩ የዚያኑ ቀን ነው፣ አልደርስም ነበር» አለችኝ። «አንቺ ደግሞ መነሳት ነበረብሽ።»

ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡኝ። በኛ ልማድ ጮኼ ላልቅስ ብል እነሱ ዝም ብለው ነው የተቀመጡት። ሻሼን አገጬ ሥር አስሬ እንደነሱ ዝም አልኩ።

አሁን ደህና ነኝ። የእህቴ ልጅ «እንኳንም አልሰማሽኝ» ትለኛለች። በኔ ዕድሜ ያሉ ሰዎች በቀዳዳ መሠራት አያሰጋም ወይ ብለው ሲጠይቁኝ፣ ዓመት አትቁጠሩ፣ ልባችሁንና ሳንባችሁን አስመርምሩና ሐኪሙን ስሙት እላለሁ። ፋዱሞ በሳምንት አንዴ ብቅ ትላለች። ስለ እናቷ አታነሳም፤ እኔም ምን ብዬ እንደማነሳ አላውቅም። የመጨረሻ ቀናቸውን የወሰድኩባት እኔ ነኝ። ይህ በምን ይመለሳል?

ከዚህ የባሰውን ደግሞ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እዚያ በር ላይ ቆሜ ያ ሁሉ ሰው ለእኔ የመጣ ሲመስለኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ባሌ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ብቻዬን ቤቴ ስቀመጥ ያቺን ደቂቃ አስባታለሁ፤ አፍርባታለሁ፣ ግን እየመለስኩ አስባታለሁ።