ራዲያተሩ ታይቶ የሚሰጥ መልስ

እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። እኛ ዘንድ ውሃ የሚረጋው ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲገባ ብቻ ነው። መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደሴ በመምህርነት ተመደብኩና ቧንቧ ውሃ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ገና ዕቃዬን ሳላወርድ አከራዬ ግቢው ውስጥ ያቆምኳትን መኪና ዙሪያዋን ዞረው አዩና፣ «ኅዳር ሲገባ ውርጭ አለ፤ ማታ ማታ የራዲያተሯን ውሃ ታፈሳለህ» አሉኝ። እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት ግን ትልቅ ሰው ላለማስቀየም ነው።

መኪናዋ የአጎቴ ነበረች፤ ልጅ ስላልነበረው ሲሞት ለእኔ ደረሰች። ሰማያዊ ናት፣ አሮጌ ናት፣ አንደኛው በሯ ከውስጥ ካልሆነ አይከፈትም። ያን ጊዜ መኪና ያለው መምህር በጣት የሚቆጠር ስለነበር ልቤ ትንሽ አብጦ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ። በእግር ሃያ ደቂቃ የማይፈጀውን የትምህርት ቤት መንገድ በመኪና እሄዳለሁ። ሰኞ ገበያ መሐል ሕዝቡ ውስጥ ስጣበቅ ደግሞ በእግራቸው የመጡ ተማሪዎቼ ቀድመውኝ ይገባሉ።

አከራዬን እትዬ ነበር የምላቸው። ሟቹ ባለቤታቸው የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበሩ፣ እትዬም ስለ ሞተር የማያውቁት ነገር አልነበረም። ኅዳር ሲገባ ማታ ማታ ከመስኮታቸው ድምፃቸው ይመጣል።

«ልጄ፣ ውሃዋ ፈሰሰ?»

«ፈሷል እትዬ» እላለሁ። አልፈሰሰም። በዚያ ብርድ መሬት ላይ ተንበርክኮ ማፍሰሻ መፈለግ፣ ጠዋት ደግሞ ተነስቶ መሙላት ማን ይችላል? እኔ ያደረግኩት አንድ ብርድ ልብስ ኮፈኗ ላይ መደረብ ነበር። ለእኔ ከበቃኝ ለእሷም ይበቃታል ብዬ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። በክረምት ለመምህራን በተሰጠ ስልጠና ላይ አንዲት የኮምቦልቻ መምህርት ተዋወቅሁ። ሳቋ ከሦስት ክፍል በላይ ይሰማል። ክረምቱ ሳያልቅ ተግባባን፤ ሽማግሌ እንድልክም ጥቅምት ላይ ተስማማን። እናቷ ካረፉ ወዲህ ከአባቷ ጋር ሁለት ሆነው ነው የሚኖሩት። አባቷ ደግሞ ራዲያተር በያጅ ናቸው። በዚያ መስመር የሚያልፍ ሹፌር ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ቁጡ እንደሆኑም ያውቃል። ዕቃውን የማይጠብቅ ሰው ከመጣባቸው ራዲያተሩን መልሰው አሸክመው ያባርራሉ ይባላል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። እያወቅሁ ነው እንግዲህ ብርድ ልብስ የደረብኩት።

ሽማግሌዎቼ ሦስት ነበሩ። አንደኛው የአጥር ጎረቤታችን ሐጂ ናቸው፤ ንግግር የሚችሉ፣ ሰው የሚያከብራቸው። ሁለተኛው የንስሐ አባቴ ናቸው። ሦስተኛው የትምህርት ቤታችን አንጋፋ መምህር ነበሩ፤ እሳቸውን ዋዜማውን ጉንፋን ጣላቸው። «ሁለት እንበቃለን፣ አብሽር» አሉኝ ሐጂ። ጠያቂው ልጅ ከሽማግሌ ጋር መሄድ ነውር ነው። ሽማግሌዎቹን ግን በሚኒባስ መላክ መኪና እያለኝ አሳፈረኝና፣ እኔ ነድቼ ላደርሳቸውና ከቤቱ ራቅ ብዬ ልጠብቃቸው ተስማማን።

በታኅሣሥ ነው፤ እሑድ ጠዋት። ስነሳ የግቢው ሣር ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። በዚያ ዓመት እንደዚያ ያለ ውርጭ አልጣለም። ብርድ ልብሱ ራሱ ደርቆ ሳነሳው እንደ ካርቶን ቀጥ ብሎ ቆመ። የራዲያተሩን ክዳን ከፍቼ ጣቴን ብሰድ በረዶ ነካሁ። ሐጂ ለሱብሒ ሶላት ካሞቁት ውሃ የተረፈ ነበራቸውና በማንቆርቆሪያ አመጡልኝ፤ ቀስ እያልኩ በላዩ ላይ አፈሰስኩ። በረዶው ቀለጠ፣ ሞተሩም ተነሳ። እትዬ በር ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ቆመው ብርድ ልብሱንም እኔንም ተራ በተራ አዩን። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከደሴ ኮምቦልቻ ድረስ አብዛኛው ቁልቁለት ነው፤ ሞተሩ ብዙም አይለፋም። ሐረጎ ላይ ግን የሙቀት መለኪያዋ መርፌ ወደ ቀይ መሄድ ጀመረች። ወርጄ ባይ ከራዲያተሩ ሥር ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። የረጋው ውሃ አብጦ ቱቦውን ሰንጥቆታል። ሁለት ጊዜ ቆመን ሞላን። ሐጂ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው መጥተው ኖሯል፤ ለምን እንደያዙት አልጠየቅኋቸውም።

ኮምቦልቻ ስንደርስ ከልጅቷ ቤት ሦስት ቤት አለፍ ብዬ ቆምኩ። ሽማግሌዎቹ ገቡ። እኔ ኮፈኑን ከፍቼ እንፋሎት ውስጥ ጭንቅላቴን ደበቅሁ። በልቤ የምለምነው አንድ ነገር ነበር፤ ሰውየው ሽማግሌዎቹን ሊሸኙ እንዳይወጡ። ወጡ። በሥነ ሥርዓት ያደጉ ሰው ናቸው፣ እንዴት አይወጡም። በኋላ እንደሰማሁት ውስጥ ያሉት፣ «ልመካከርበት፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» ብቻ ነበር። እሱ የተለመደ ነው። ግን በአቧራው ላይ ከመኪናዬ ሥር የሚሄደውን ውሃ ሲያዩ ሽማግሌዎቹን ትተው በዚያው ወደ እኔ መጡ።

«ይሄ ማነው?» አሉ።

«ሹፌራችን ነው» አሉ ሐጂ ሳያወላዱ። የንስሐ አባቴ ሰማይ ሰማይ አዩ።

ሰውየው አጎንብሰው ራዲያተሩን ዳሰሱት። «የት አደረች?»

«ደሴ፤ ቧንቧ ውሃ።»

«ውሃዋ ሳይፈስ?»

«ሳይፈስ» አልኩ።

«የዚችን መኪና ራዲያተር ከዚህ በፊት ሁለቴ አውርጄዋለሁ። ባለቤቷ ወዳጄ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። የእህቱ ልጅ ወረሳት ሲሉ ሰምቻለሁ።» በዚያ መሐል ከቤቱ መስኮት በኩል ያ ከሦስት ክፍል በላይ የሚሰማው ሳቅ መጣ፤ ወዲያው ታፈነ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

መሥሪያቸው እዚያው ደጃቸው ላይ ነው፤ እሑድ እሑድ አይሠሩም ነበር። ያን ቀን ግን እጅጌያቸውን ሰብስበው ራዲያተሩን አወረዱ፣ አፎቹን ደፍነው በርሜል ውሃ ውስጥ ነከሩ፣ አየር ነፍተውበት አረፋው በየት በየት እንደሚወጣ አዩ። ሦስት ቦታ ነበር። ሦስቱንም በቀለጠ እርሳስ በየዱ። ሽማግሌዎቼ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያያሉ፤ እኔ ቆሜ መሣሪያ አቀብላለሁ። ሲጨርሱ ራዲያተሩን ቦታው መልሰው፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ እኔን አዩኝ።

«ሹፌር» አሉኝ፣ «ለዚያ ለሚጠይቀን ልጅ ንገርልኝ። ማፍሰሻው ሁለት ቦታ ነው፣ አንዱ ራዲያተሩ ሥር፣ አንዱ ሞተሩ ጎን። ሲፈስ ክዳኑ ክፍት ይሁን። ውሃ እንደሌላት እንዳይረሳ መሪዋ ላይ ጨርቅ ይሰር። ይቺ ብረት ናት፣ ብርድ አያማትም። የእኔ ልጅ ግን በሙቀት አገር ያደገች ናት። ውርጩ ሲያልፍ መጋቢት ላይ ሽማግሌዎቹም ይምጡ፣ መኪናዋም ትምጣ። ራዲያተሩን አይቼ መልሴን እሰጣለሁ።»

«እነግረዋለሁ» አልኩ።

ደሴ ስንመለስ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ግቢ የገባ ይመስል ነበር፤ ሐጂ በመንገድ ላይ ላገኙት ሁሉ አውርተውታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔ ራዲያተር የሰፈር ጉዳይ ሆነ። ማታ ማታ ባልዲ ይዤ ስንበረከክ ከአጥሩ ማዶ ሐጂ፣ «አፈሰስክ ያ ወንድሜ? የሞተሩንም?» ይላሉ። ጠዋት ለሶላት የሚያሞቁት ውሃ ላይ አንድ ማንቆርቆሪያ ጨምረው ያስቀምጡልኛል። የንስሐ አባቴ ቅዳሴ ሲያልቅ መስቀል እያሳለሙኝ በጆሮዬ ስለ ውሃው ይጠይቁኛል። ትምህርት ቤት ያሉት ጓደኞቼ «ሹፌር» ብለው ስም አወጡልኝ፤ እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም። እትዬ ደግሞ ካረጀ ቀይ ቀሚሳቸው ላይ ቀደው መሪው ላይ የማስረውን ጨርቅ ሰጡኝ። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ጀመር። ሥራ ውሎ ከመጣ መኪና የሚፈሰው ውሃ ሙቅ ነው፤ በባልዲ ተቀብዬ እግሬን እታጠብበታለሁ። ስለ ልጅቷ እያሰብኩ እግሬን ስታጠብ በዚያ ብርድ እንደ እኔ ደስተኛ ሰው ደሴ ውስጥ አልነበረም።

ጥር መጨረሻ ላይ ግን የተማሪዎች ፈተና ሳርም ውዬ አንድ ማታ ድካሙ ጣለኝ። ጫማዬን ሳላወልቅ እንቅልፍ ወሰደኝ። ጎህ ሲቀድ ነቅቼ ትዝ ሲለኝ በባዶ እግሬ ወጣሁ። ሣሩ ነጭ ነው። አለቀልኝ አልኩ፤ ልጅቷንም አጣኋት አልኩ። የመኪናዋን በር ስከፍት ቀዩ ጨርቅ መሪው ላይ ታስሯል። እኔ አላሰርኩትም። ተንበርክኬ አየሁ፤ ሁለቱም ማፍሰሻዎች ክፍት ናቸው፣ ባልዲውም ሞልቶ በረዶ አስሮ ከጎኗ ተቀምጧል። ከእኔና ከእትዬ በቀር በግቢው የሚያድር ሰው የለም። አፍሬ አልጠየቅኋቸውም፤ ያን ቀን ግን ግንባራቸውን ሳምኳቸው፣ እሳቸውም ምክንያቱን አልጠየቁም።

መጋቢት ገባ። ጉንፋናሙ መምህር ዳኑ፣ ግን ቦታቸውን እትዬ ወስደውባቸው አገኙ። «ሴት ሽማግሌ የት አገር አለ?» ቢሉ፣ «ራዲያተር የሚታይበት ሽምግልናስ የት አገር አለ?» ብለው እትዬ የመኪናዋ የፊት ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። በዚህ ጊዜ እኔም አልተደበቅሁም። መኪናዋን በቀጥታ በራቸው ላይ አቆምኳት።

ሰውየው ሰላምታ ሰጥተው እንደጨረሱ ራዲያተሩን አወረዱ። በርሜሉ ውስጥ ነከሩት፤ አየር ነፉበት። ሁላችንም በርሜሉን ከበን አጎንብሰናል። አረፋ የለም። አገላብጠው ነከሩት፤ የለም። ሐጂ «አልሐምዱሊላህ» አሉና ንግግራቸውን ሊጀምሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

እኔ ግን አንድ ያልተናገርኩት ነገር ነበረኝ። ዝም ብል ነገሩ በመልካም ያልቃል። ልጅቷም በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። ግን በዚህ ሰው ቤት በውሸት ሹፌር ሆኜ ገብቻለሁ፤ በውሸት አማች ሆኜ ልግባ? አልቻልኩም።

«አባቴ» አልኩ፣ «አንድ ማታ ረስቼ ሳላፈስ ተኝቻለሁ።»

ሐጂ ሳሉ። ሳላቸው «ዝም በል» የሚል ሳል ነበር።

«ታዲያ እንዴት ተረፈ?» አሉ ሰውየው።

«እኔ አይደለሁም ያፈሰስኩት። እትዬ ናቸው፤ እኔ ተኝቼ።»

ሰውየው ወደ እትዬ ዞሩ። «እርስዎ ነዎት?»

«ጨርቁን መሪው ላይ አጣሁት» አሉ እትዬ፣ ነገሩ ምን እንደሚያስደንቅ እንዳልገባው ሰው። «ብርዱ ደግሞ የዋዛ አልነበረም። ልጁ ደክሞታል፤ መቀስቀሱ አሳዘነኝና እኔው ወረድኩ።»

ሰውየው ወደ ጓሮ ሄዱ። ያቺ ደቂቃ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ካለው ጊዜ ሁሉ ትረዝማለች። ሲመለሱ አንድ ጀሪካን ይዘዋል። ራዲያተሩን ቦታው አስገብተው ማፍሰሻዎቹን ዘጉና ከጀሪካኑ አረንጓዴ ውሃ ያንቆረቁሩ ጀመር።

«አንቲፍሪዝ ነው» አሉ። «ይሄ ከገባባት በማንኛውም ውርጭ አትረጋም። ከእንግዲህ ማታ ማታ መንበርከክ የለም።»

ደሜ ፈላ። ያን ሁሉ ማታ አስታወስኩ፣ ያን ሁሉ ባልዲ፣ የተሰነጣጠቀውን እጄን። አክብሮቴን እንደምንም ይዤ፣ «አባቴ፣ ይሄ ነገር ያኔም ቤትዎ ነበር?» አልኳቸው።

«ነበር።»

«ታዲያ ምነው ያኔውኑ ቢሰጡኝ?»

ጀሪካኑን ጨርሰው ክዳኑን አጥብቀው ዘጉ። ዓይናቸው እኔ ላይ አልነበረም፤ እትዬ ላይ ነበር።

«ያኔ ብሰጥህ ኖሮ» አሉ፣ «ልጄ እንዲህ ያሉ ሰዎች ያሉበት ግቢ እንደምትገባ በምን አውቅ ነበር?»